ፊምአር ሲጠፋ ባዮፊልሙ ለምን ይሳሳል? በፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ ላይ የተያዘ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥያቄውና ዝርያዎቹ

በድድ በሽታ ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ ፊምአር የተባለው ተቆጣጣሪ ጂን ሲጠፋበት የሚሠራው ባዮፊልም (ሕዋሶች ገጽ ላይ ተጣብቀውና ተያይዘው የሚሠሩት ሽፋን) ይሳሳል። እዚህ የሚፈለገው የሚሳሳበት ምክንያት ነው። ሕዋሱ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ መጣበቅ አቅቶት ነው? ተጣብቆ ከጎረቤቱ ጋር መያያዝ አቅቶት ነው? ወይስ እድገቱ ራሱ ተጎድቶ ነው? ሦስቱም ክሪስታል ቫዮሌት በተባለው ማቅለሚያ ሲለኩ ያው የፈዘዘ ወይን ጠጅ ቀለም ይሰጣሉ። ስለዚህ ሥራው ሦስቱን ለየብቻ እንዲለካ ተደርጎ ተዘጋጅቷል። ቀለሙን ብቻ አንብቦ «ይህ ጂን ባዮፊልምን ይቆጣጠራል» ማለት ለዚህ ባክቴሪያ ጨርሶ አይበቃም።

ፊምአር የሚሠራው ከፊምኤስ ጋር ተጣምሮ ነው። ፊምኤስ ሂስቲዲን ካይኔዝ የተባለ ምልክት ተቀባይ ኢንዛይም ነው፤ ምልክት ሲደርሰው ፎስፌት ወደ ፊምአር ያሻግራል፣ ፊምአር ደግሞ ዲኤንኤ ላይ ተቀምጦ ጂኖችን ያስነሳል። ባክቴሪያው ሁለት ዓይነት ፊምብሪያ (ከሕዋሱ ገጽ የሚወጣ ቀጭን ክር) አለው፤ ረጅሙ ከፊምኤ ፕሮቲን፣ አጭሩ ከኤምኤፍኤ1 ይሠራል። ፊምአር የኤምኤፍኤ1ን ፕሮሞተር፣ ማለትም ጂኑ የሚነሳበትን የዲኤንኤ ክፍል፣ በቀጥታ ይይዛል። ፊምኤ ጋ የሚደርሰው ግን በሰንሰለት ነው፤ መጀመሪያ በፊምኤ ጂን ስብስብ መነሻ ላይ ያለውን ጂን ያስነሳል፣ ከዚያ ውጤቱ ወደ ፊምኤ ይወርዳል።

ዝርያዎቹ ሁለት ናቸው። ኤቲሲሲ 33277 ፊምብሪያው የበዛ፣ ካፕሱል (የሕዋሱ ውጫዊ ልባስ) የሌለው፣ የፊምኤ ጂኑ ዓይነት አንድ የሆነ ነው። ፊምቢ የተባለው ጂኑ በሚውቴሽን ስለተቋረጠ ረጅሙ ፊምብሪያ ከልክ በላይ ይረዝማል፣ ከሕዋሱም በቀላሉ ይላቀቃል። ደብሊው50 ካፕሱል የለበሰ፣ ፊምኤው ዓይነት አራት የሆነ፣ በላዩ ላይ ፊምብሪያ ከሞላ ጎደል የማይታይበት ነው። ደብሊው50 የገባው በቂ ምክንያት ስላለ ነው። ፊምአር የሚሠራው በፊምብሪያ በኩል ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ፊምብሪያ በሌለው ዝርያ ላይ ጂኑን ማጥፋት ባዮፊልሙን ባልነካው ነበር። ይነካዋል። የጥያቄው ክብደት ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ማሳደጊያ

ለ1 ሊትር ፈሳሽ፦ ትሪፕቲክ ሶይ ብሮዝ 30 ግራም፣ የእርሾ ጭማቂ 5 ግራም፣ ኤል-ሲስቴይን 0.5 ግራም። በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ15 ደቂቃ አውቶክሌቭ ይደረጋል። ሲቀዘቅዝ ሄሚን 5 ሚሊ ግራም፣ ሜናዲዮን 1 ሚሊ ግራም ይጨመርበታል። ለሳህን 15 ግራም አጋር ይገባል፤ 50 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ፋይብሪን የወጣለት የበግ ደም 5 በመቶ ይደባለቃል። ከዚህ በሞቀ አጋር ላይ ደሙ ይበስላል፣ በጣም ከቀዘቀዘ ደግሞ አጋሩ እየረጋ ይቋጠራል።

ሄሚን በውሃ አይሟሟም። 50 ሚሊ ግራሙ በ1 ሚሊ ሊትር 1 ኖርማል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይሟሟና በውሃ 100 ሚሊ ሊትር ይሞላል፤ ከዚህ 10 ሚሊ ሊትር ለ1 ሊትር ማሳደጊያ ይበቃል። ሜናዲዮን በ95 በመቶ ኢታኖል፣ በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ይዘጋጃል። ብርሃን ስለሚያበላሸው በአሉሚኒየም ወረቀት ተጠቅልሎ በማቀዝቀዣ ይቀመጣል።

በቆየ ማሳደጊያ ውስጥ ነጭ ጥቃቅን ክሪስታል ከታየ ሲስቴይኑ ኦክስጅን ነክቶት ወደ ሲስቲን ተቀይሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ማሳደጊያ የኦክስጅን መከላከያውን አጥቷልና ይደፋል።

ሄሚን ላይ ከሌላው ይልቅ ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። የሄሚን መጠንና የሙቀት መጠን ሁለቱም የፊምኤን መነሳት ይለውጣሉ፤ በ39 ዲግሪ የፊምኤ ፕሮሞተር ከ34 ዲግሪው ይልቅ ይዳከማል። የኢንኩቤተሩ መደርደሪያ ከላይና ከታች በሁለት ዲግሪ የሚለያይ ከሆነ ፊምአር ያላመጣው ልዩነት በውጤቱ ውስጥ ይገባል። ሁሉም ዝርያ ከአንድ የሄሚን ዝግጅት፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ፣ በ37 ዲግሪ እንዲያድግ ተደርጓል።

ከኦክስጅን ነፃ የሆነው ሳጥን

ጋዙ 80 በመቶ ናይትሮጅን፣ 10 በመቶ ሃይድሮጅን፣ 10 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሾልኮ የሚገባውን ኦክስጅን የፓላዲየም ካታሊስት ከሃይድሮጅኑ ጋር እያዋሃደ ወደ ውሃ ይለውጠዋል። ሬዛዙሪን የተጨመረበት አንድ ጠርሙስ ሁልጊዜ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቀለም አልባ ሆኖ ከቆየ ደህና ነው፣ ሮዝ ካለ ሥራ ይቆማል።

የዚህ ባክቴሪያ ልዩ ችግር ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ማምረቱ ነው። ሰልፈሩ ፓላዲየሙን ይመርዘዋል፤ ካታሊስቱ መልኩ ሳይለወጥ መሥራት ያቆማል። ሁለት ስብስብ ካታሊስት ተይዞ አንዱ ሲሠራ ሌላው በምድጃ በ160 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ይታደሳል፤ በጋዙ መንገድ ላይ የከሰል ማጣሪያ ማድረግ ዕድሜውን ያረዝማል።

ፈሳሹም ሳህኑም ጥቅም ላይ ከመዋሉ በፊት ሌሊቱን በሳጥኑ ውስጥ ክዳኑ ላላ ተደርጎ ያድራል። ከውጭ የመጣ ሳህን ላይ ወዲያው የተዘራ ባክቴሪያ ቢያድግም እንኳ ቀስ ብሎና ሳይመጣጠን ነው።

ማደስና ንጽሕናን ማረጋገጥ

ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ከሆነ ማቀዝቀዣ የወጣው ክምችት በደም አጋር ላይ ተዘርቶ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ኮሎኒው መጀመሪያ ክሬም ይመስላል፣ ቀስ በቀስ ይጠቁራል። ጥቁሩ በሕዋሱ ገጽ ላይ የተከማቸ ሄም ነው። መጥቆሩ የጤንነት ምልክትም ነው፤ ጂንጂፔይን የተባሉት ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችና እነሱን ወደ ውጭ የሚያወጣው ዓይነት ዘጠኝ ማስወጫ ሥርዓት ካልሠሩ አይጠቁርም። ጠቋሪ ካልሆነ ኮሎኒ ተነስቶ ማንኛውንም ሙከራ መጀመር አይገባም።

ግራም ስቴይን አጭር፣ ግራም ኔጌቲቭ ዘንግ ማሳየት አለበት። ከዚያው ፈሳሽ አንድ ጠብታ በደም አጋር ላይ ሆኖ በአየር ውስጥ ይቆያል፤ አንዳች ነገር ከበቀለ ብክለት ነው። በየዙሩ የሚደረግ ርካሽ ፍተሻ ነው፣ የሚዘለልበት ምክንያት የለም።

ፊምአርን ማውጣት

ፕራይመሮቹ (ለዲኤንኤ ማባዣ መነሻ የሚሆኑ አጫጭር ቁራጮች) የተነደፉት በየዝርያው የጂኖም ቅደም ተከተል ላይ ነው። የኤቲሲሲ 33277 ጂኖም በ2008፣ የደብሊው50 የቅርብ ዘመድ የሆነው የደብሊው83 ደግሞ በ2003 ታትሟል፤ እያንዳንዳቸው ወደ 2.3 ሚሊዮን ቤዝ ናቸው። በአንዱ ላይ የተነደፈ ፕራይመር በሌላው ላይ ይሠራል ብሎ መገመት አያዋጣም።

አሠራሩ ሦስት ቁራጭ መስፋት ነው፦ ከፊምአር በላይ ያለ 800 ቤዝ፣ ኤሪትሮማይሲንን የሚቋቋመው የኧርምኤፍ ካሴት፣ ከፊምአር በታች ያለ 800 ቤዝ። በመጋጠሚያዎቹ ላይ ከ20 እስከ 25 ቤዝ የሚደራረብ ጅራት አለ። መጀመሪያ የውጭ ፕራይመር ሳይጨመር ከ8 እስከ 10 ዙር ፒሲአር (ዲኤንኤን የማባዛት ሥራ) ይሄዳል፤ ቁራጮቹ እርስ በርስ የሚገጣጠሙት በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ የውጭ ፕራይመሮቹ ገብተው 30 ዙር ይቀጥላል። ሦስቱም ቁራጮች በሞለኪውል ቁጥር እኩል መሆን አለባቸው። በናኖ ግራም እኩል ማድረግ አጭሩን ቁራጭ ያበዛዋል፣ ጄሉም ላይ ግማሽ የተሰፋ ባንድ ይወጣል።

ፊምኤስና ፊምአር በጂኖሙ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡም አንድ ኦፔሮን፣ ማለትም በአንድ መልእክት አብረው የሚነበቡ ጂኖች፣ አይደሉም። ይህ መልካም ዜና ነው፤ አንዱን መንካት ሌላውን በግድ አይዘጋም። ቢሆንም ካሴቱ በፊምአር አቅጣጫ፣ ያለ ማቆሚያ ምልክት ተቀምጧል፤ የአጎራባች ጂኖች መልእክትም በኋላ ይለካል።

ለኤሌክትሮፖሬሽን (በኤሌክትሪክ ምት ዲኤንኤን ወደ ሕዋስ ማስገባት) ሕዋሶቹ በ10 በመቶ ግሊሰሮልና 1 ሚሊ ሞላር ማግኒዥየም ክሎራይድ፣ በበረዶ ላይ ደጋግመው ይታጠባሉ። ዲኤንኤው በንጹሕ ውሃ ውስጥ ይሁን። በዲኤንኤው ፈሳሽ ውስጥ የቀረ ጨው ብልጭታ ያስነሳል፣ ሕዋሱም ይሞታል። ባለ 0.2 ሴንቲ ሜትር ኩቬት፣ 2.5 ኪሎ ቮልት፣ 25 ማይክሮ ፋራድ፣ 200 ኦም። መሣሪያው የሚያሳየው የጊዜ መጠን ወደ 5 ሚሊ ሰከንድ ከቀረበ መልካም ነው፤ ከ4 በታች ከወረደ ጨው አለ። ወዲያው 1 ሚሊ ሊትር የሞቀና ኦክስጅን የወጣለት ማሳደጊያ ይጨመርና ሌሊቱን በሳጥን ውስጥ ያድራል። በማግስቱ በ1 ሚሊ ሊትር 10 ማይክሮ ግራም ኤሪትሮማይሲን ባለበት የደም አጋር ላይ ይዘራል። ኮሎኒ ለማየት ከ7 እስከ 10 ቀን መታገስ ነው። ቶሎ የበቀለ ኮሎኒ ካለ ይጠርጠር።

ካፕሱል ያለው ደብሊው50 የሰጠው ኮሎኒ ከ33277 በጣም ያነሰ ነው። የሕዋሱን መጠን ከመጨመር ይልቅ ዲኤንኤውን ወደ 2 ማይክሮ ግራም ማሳደግ የበለጠ ረድቷል።

ማረጋገጫ

ቀላሉ ፍተሻ ከመስፊያው ቁራጭ ውጭ በተቀመጡ ፕራይመሮች ፒሲአር መሥራት ነው። ካሴቱና የወጣው ጂን ርዝመታቸው ሲቀራረብ ግን በጄል ላይ የሁለቱ ባንድ ተለይቶ አይታይም። መፍትሔው አንዱን ፕራይመር ከመስፊያው ቁራጭ ውጭ፣ ሌላውን በኧርምኤፍ ውስጥ ማድረግ ነው፤ ባንድ የሚወጣው ካሴቱ በትክክለኛው ቦታ ከገባ ብቻ ነው። ይህ በሁለቱም ጫፍ ይደገማል፣ የፊምአር የውስጥ ቁራጭ አለመውጣቱም ይታያል። መጋጠሚያዎቹ በቅደም ተከተል ንባብ ተረጋግጠዋል።

የዚህ ባክቴሪያ ጂኖም ከቦታ ቦታ በሚዘሉ የዲኤንኤ ቁራጮች የተሞላ ነው። በረጅሙ የመምረጫ ጊዜ ሌላ ቦታ ላይ ለውጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ኮሎኒ ይልቅ ለየብቻ የተገኙ ኮሎኒዎች ተይዘዋል። ሁለት ኮሎኒዎች የተለያየ ባሕርይ ካሳዩ አንደኛው ሌላ ጉዳት ተሸክሟል።

እድገት

ባዮፊልም ከመለካቱ በፊት በነፃ ፈሳሽ ውስጥ ያለው እድገት መታወቅ አለበት። ፊምአር አልባዎቹ በሁለቱም ዝርያ ከወላጆቻቸው ጋር እኩል አድገዋል። የሚጠበቀውም ይኸው ነው፤ ፊምአር ወይም ፊምኤስ ሲጠፋ የእድገት ፍጥነት እንደማይቀንስ ይታወቃል። ከሦስቱ ምክንያቶች አንዱ እዚህ ላይ ወጣ።

ልኬቱ የራሱ አደጋ አለው። 33277 እየተያያዘ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ በ600 ናኖ ሜትር የሚነበበው የብርሃን መጋረድ በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል፤ ፊምብሪያው የጎደለው ዝርያ ግን ተንሳፍፎ ይቆያል። ሳይናወጥ ከተነበበ ሚውታንቱ (ፊምአር የወጣለት) ከወላጁ በላይ ያደገ ይመስላል። ከእያንዳንዱ ንባብ በፊት ቱቦው በቮርቴክስ ይናወጣል፣ ንባቡም ወዲያው ይወሰዳል። ለመዝሪያ የሚሆነው መጠን ሲስተካከል ደግሞ በኮሎኒ ቆጠራ ጭምር መረጋገጥ አለበት። ንባብ 1.0 በግምት በ1 ሚሊ ሊትር 1 ቢሊዮን ሕዋስ ቢሆንም ለተቋጠረ ዝርያ ይህ አኃዝ አይታመንም።

መጣበቅ፣ መያያዝ፣ ባዮፊልም

ሦስት የተለያዩ ልኬቶች ናቸው፤ ውጤታቸውም በአንድ ሠንጠረዥ መደባለቅ የለበትም።

ምራቅ፦ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ከብዙ ጤነኛ ፈቃደኞች ተሰብስቦ አንድ ላይ ይደባለቃል። 2.5 ሚሊ ሞላር ዳይቲዮትሬይቶል ዝልግልጉን ያላላዋል። ከዚያ በ4 ዲግሪ በ10,000 ጂ ለ20 ደቂቃ ይሽከረከራል፣ በ0.22 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ ያልፋል፣ በትንንሽ መጠን ተከፋፍሎ ይቀዘቅዛል። ባለ 96 ጉድጓድ ፖሊስቲሪን ፕሌት ላይ በየጉድጓዱ 100 ማይክሮ ሊትር ሆኖ ሌሊቱን በ4 ዲግሪ ያድራል። የምራቁ ዝግጅት ከተለወጠ የወላጁ ዝርያ ውጤትም አብሮ ይለወጣል፤ ስለዚህ አንድ ሙከራ በአንድ ዝግጅት ይጀመራል፣ በዚያው ይጨረሳል።

የመጀመሪያው ልኬት መጣበቅ ነው፤ ሕዋሶቹ በፎስፌት ጨው ውሃ ታጥበው ለ2 ሰዓት ብቻ በምራቅ በተለበጠው ጉድጓድ ይቀመጣሉ። ከዚህ በላይ ማቆየት አይገባም። ጂንጂፔይን የምራቁን ፕሮቲን መብላት ስለሚጀምር ከጥቂት ሰዓት በኋላ የሚለካው ሕዋሱ በምን ላይ እንደተጣበቀ ለይቶ መናገር አይቻልም። ሁለተኛው መያያዝ ነው፤ ሕዋሶቹ ንባባቸው 1.0 ተደርጎ በ37 ዲግሪ ሳይንቀሳቀሱ በየ10 ደቂቃው ለ2 ሰዓት ይነበባሉ፣ የንባቡ መውረድ ፍጥነት የመያያዙ መለኪያ ይሆናል። ሦስተኛው ባዮፊልሙ ነው፤ በንባብ 0.1 ተዘርቶ 33277 ለ24፣ ደብሊው50 ለ48 ሰዓት በሳጥኑ ውስጥ ይቆያል። ደብሊው50 በራሱ የሚሠራው ባዮፊልም ስስ ስለሆነ በ24 ሰዓት ወላጁና ሚውታንቱ ሁለቱም ከባዶው ጉድጓድ እምብዛም አይለዩም።

የጠርዝ ጉድጓዶች ቶሎ ይተናሉ። በንጹሕ ማሳደጊያ ተሞልተው ለመከላከያ ብቻ ያገለግላሉ።

እጥበቱ ውጤትን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ደረጃ ነው። ይህ ባክቴሪያ ለብቻው የሚሠራው ባዮፊልም በደካማው የሚይዝ ስለሆነ ፕሌቱን ገልብጦ ማራገፍ እየፈለፈለ ያነሳዋል። የፒፔቱ ጫፍ የጉድጓዱን ግድግዳ ነክቶ፣ ወለሉን ሳይነካ፣ ፈሳሹ በዝግታ ይሳባል፤ የጨው ውሃውም በግድግዳው በኩል ይወርዳል። ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ በሜታኖል ለ15 ደቂቃ ማጽናት ቀጣዮቹ እጥበቶች ምንም እንዳያነሱ ያደርጋል። ከዚያ 0.1 በመቶ ክሪስታል ቫዮሌት ለ15 ደቂቃ፣ ቀለም መውጣት እስኪያቆም ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በ95 በመቶ ኢታኖል ማሟሟት፣ በ595 ናኖ ሜትር ማንበብ። ንባቡ ከ3 ካለፈ መሣሪያው እየዋሸ ነው፤ በኢታኖል ይቅጠን።

ባክቴሪያ የሌለበት በምራቅ የተለበጠ ጉድጓድ ቀለም ይይዛል፣ ጥቁሩ ሄምም ጥቂት ብርሃን ይውጣል። ሁለቱም እንደ መቆጣጠሪያ ተለክተው ይቀነሳሉ። ክሪስታል ቫዮሌት ሕያውን፣ ሙቱንና ማጣበቂያውን ሳይለይ ያቀልማል፤ ስለዚህ ጎን ለጎን ከተዘጋጁ ጉድጓዶች ባዮፊልሙ ተፍቆ ዲኤንኤው በቁጥራዊ ፒሲአር ተለክቷል።

የተገኘው፦ በ33277 ፊምአር አልባው በመጣበቅም በባዮፊልምም ከወላጁ ጎልቶ ወርዷል፤ መያያዙ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። ይህ የሁለቱን ፊምብሪያ ድርሻ የሚከተል ነው፤ ረጅሙ በመጀመሪያው መያዝ፣ አጭሩ በሕዋስና በሕዋስ መካከል ነው ሚናቸው የሚታወቀው። በደብሊው50 መጣበቁ ከመነሻውም ዝቅተኛ በመሆኑ ልዩነት ለማየት አስቸጋሪ ነው፤ የ48 ሰዓቱ ባዮፊልም ግን በግልጽ ወርዷል። የማይታይ ፊምብሪያ በመጥፋቱ ይህን ማስረዳት አይቻልም። ፊምአር ሌላ የሚያዝዘው ነገር አለ።

ስታትስቲክሱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ በአንድ ፕሌት ላይ ያሉ ስድስት ጉድጓዶች ስድስት ሙከራ አይደሉም። አማካያቸው አንድ ነጥብ ነው። ሌላ ነጥብ የሚሆነው ከሌላ ኮሎኒ የተነሳ ሌላ ዝግጅት ነው፣ ከሦስት ባነሰ ነጥብም መደምደሚያ አይጻፍም።

በማይክሮስኮፕ ማየት

አረንጓዴ የሚያበራው ጂኤፍፒ እዚህ አይጠቅምም። ፕሮቲኑ ብርሃን እንዲሰጥ ኦክስጅን ስለሚፈልግ ከኦክስጅን ነፃ በሆነ ባዮፊልም ውስጥ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሳይቶ 9 እና ሙት ሕዋስን በቀይ የሚያሳየው ፕሮፒዲየም አዮዳይድ የተባሉት ማቅለሚያዎች ተመርጠዋል። ፕሮፒዲየም አዮዳይድ ከሕዋስ ውጭ የፈሰሰ ዲኤንኤንም ስለሚይዝ ቀዩ ሁሉ ሙት ሕዋስ ተብሎ መቆጠር የለበትም።

አርኤንኤ

የባክቴሪያ መልእክተኛ አርኤንኤ ዕድሜው በደቂቃ የሚቆጠር ነው፣ ኦክስጅን ደግሞ የራሱን ጂኖች ያስነሳል። ፕሌቱን ከሳጥኑ አውጥቶ ከዚያ ማጽናት ማለት የአየርን ምላሽ መለካት ነው። ማጽኛው ፈሳሽ ወደ ሳጥኑ ገብቶ፣ የላይኛው ፈሳሽ እንደተነሳ ወዲያው በእጥፍ መጠን ተጨምሯል፤ መፋቁ የተጀመረው ከ5 ደቂቃ በኋላ ነው። ፌኖል ያለባቸው ፈሳሾች ወደ ሳጥኑ አይገቡም፣ የማውጣቱ ሥራ ውጭ ነው። ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት የሚሰጠው አርኤንኤ ስለማይበቃ ለዚህ ባለ 6 ጉድጓድ ፕሌት ያስፈልጋል።

ዲኤንኤን ከሚያጠፋው ዲኤንኤዝ በኋላ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ (አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚቀዳው ኢንዛይም) ያልተጨመረበት ናሙና አብሮ ይሄዳል። ከእውነተኛው ናሙና ቢያንስ በ7 ዙር ካልዘገየ የቀረ ዲኤንኤ አለ፣ ዲኤንኤዙ ይደገማል። የባክቴሪያ መልእክት ፖሊ ኤ ጅራት ስለሌለው በዘፈቀደ የሚይዙ ባለ 6 ቤዝ ፕራይመሮች ያስፈልጋሉ። የፕራይመር ብቃት ከ90 እስከ 110 በመቶ ውስጥ መሆኑ በአሥር እጥፍ እየቀጠነ በሚሄድ ተከታታይ ተረጋግጧል።

የማነጻጸሪያ ጂን ምርጫ ብዙ ውጤት ያበላሻል። የራይቦዞም አካል የሆነው 16ኤስ አርኤንኤ ከፊምኤ መልእክት ይልቅ እጅግ ስለሚበዛ በመቅዳት ላይ ያለች ትንሽ ስሕተት ውጤቱን ታዛባለች። ቢያንስ ሁለት ሌሎች ጂኖች ተጨምረው፣ በባዮፊልምና በነፃ ፈሳሽ መካከል እንደማይለዋወጡ መጀመሪያ ይታይ።

ሌላው ወጥመድ የፊምኤ ዓይነት ነው። ለዓይነት አንድ የተነደፈ ፕራይመር የደብሊው50ን ዓይነት አራት አይዝም፤ ውጤቱ «ፊምኤ አልተነሳም» ይመስላል፣ እውነቱ ግን ፕራይመሩ ቦታ አለማግኘቱ ነው። ለየዝርያው የተለየ ጥንድ ተነድፎ መጀመሪያ በጂኖም ዲኤንኤ ላይ ተፈትኗል።

በ33277 ፊምአር አልባ የፊምኤ መልእክት ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፣ የኤምኤፍኤ1 ቀንሷል። ሁለቱም አንድ ተቆጣጣሪ ቢኖራቸውም እኩል አይወርዱም፤ ኤምኤፍኤ1 ሌላም የሚያስነሳው አለ ማለት ነው። ሰፊውን ምስል በተመለከተ፣ ፊምኤስ ሲጠፋ ከባክቴሪያው ጂኖች ወደ 10 በመቶ የሚሆኑት መጠናቸው እንደሚለወጥ፣ ከእነዚህም መካከል ፊምአር ራሱን ጨምሮ ሰባት የትራንስክሪፕሽን ተቆጣጣሪዎች እንደሚገኙበት ይታወቃል። ሦስቱ ከሕዋስ ሽፋን ውጭ ላለ ጫና ምላሽ የሚሰጡ ሲግማ ፋክተሮች (ጂን የሚያስነሱ ፕሮቲኖች) ናቸው። ስለዚህ በደብሊው50 የሚፈለገው መልስ ከእነዚህ ሲግማ ፋክተሮች በአንዱ በኩል ሊያልፍ ይችላል፤ ቀጣዩ የቁጥራዊ ፒሲአር ዝርዝር እነሱን ይዟል።

ፕሮቲን

መልእክቱ ተነስቶ ፊምብሪያው ላይኖር ይችላል። የፊምኤ ፕሮቲን መጀመሪያ ሲሠራ ረዘም ያለ ነው፣ አርጂኒን ላይ የሚቆርጠው ጂንጂፔይን ቆርጦ ያበስለዋል። ኢንዛይሙ ካልሠራ ፊምብሪያ በገጹ ላይ አይገጣጠምም። ስለዚህ የጂንጂፔይን ሥራ በቤንዞይል አርጂኒን ፓራ ናይትሮአኒላይድ፣ በ405 ናኖ ሜትር በእያንዳንዱ ዝርያ ይለካል። ሚውታንቱ በዚህ ከወላጁ ከተለየ የባዮፊልሙ ውጤት እንደገና መተርጎም አለበት።

ለዌስተርን ብሎት (ፕሮቲንን በፀረ እንግዳ አካል መለየት) ሕዋሱ ሲሰበር ጂንጂፔይንን የሚያግደው ቲኤልሲኬ ወዲያው መግባት አለበት፤ ያለዚያ ጂንጂፔይኑ በበረዶ ላይ እያለ እንኳ ናሙናውን ይበላዋል። ፊምኤ 41፣ ኤምኤፍኤ1 67 ኪሎ ዳልተን አካባቢ ይወጣሉ። ናሙናው በ100 ዲግሪ መፍላት አለበት። በ60 ዲግሪ ብቻ ከሞቀ ፊምብሪያው ሳይፈታ ይቀርና በብሎቱ ላይ መሰላል የመሰለ የባንድ ረድፍ ይታያል። ይህ ብክለት አይደለም፤ እንዲያውም ፊምብሪያው ተገጣጥሞ እንደነበር ማስረጃ ስለሆነ አንዱን ናሙና በሁለቱም ሙቀት አዘጋጅቶ ጎን ለጎን መጫን ይጠቅማል። ከ33277 ፊምብሪያ በቀላሉ ስለሚላቀቅ የላይኛው ፈሳሽም ተጠራቅሞ መጫን አለበት። ሕዋሱ ብቻ ከተጫነ ወላጁ ራሱ ከእውነታው ያነሰ ፊምኤ ያለው ይመስላል።

ጂኑን መመለስ

ፊምአር ከራሱ ፕሮሞተር ጋር ፒቲ-ካው በተባለ ፕላዝሚድ (ከጂኖሙ ውጭ ያለ ክብ ዲኤንኤ) ላይ ተቀምጦ ወደ ሚውታንቱ ተመልሷል። መምረጫው ቴትራሳይክሊን በ1 ሚሊ ሊትር 1 ማይክሮ ግራም ነው፤ ኤሪትሮማይሲኑም ይቀጥላል። ከኢ. ኮላይ የመጣ ፕላዝሚድ በባክቴሪያው የዲኤንኤ መከላከያ ኢንዛይሞች ስለሚቆረጥ ኮሎኒው ጥቂት ነው። ማነጻጸሪያው ባዶ ፕላዝሚድ የተሸከመ ሚውታንት መሆን አለበት፤ ፕላዝሚድ መሸከምና ቴትራሳይክሊን ራሳቸው እድገትን ሊያዘገዩ ስለሚችሉ ያለ ፕላዝሚድ ከሆነው ጋር ማነጻጸር ፍርድን ያዛባል።

በ33277 የፊምኤ መልእክትና መጣበቁ ተመልሰዋል። ባዮፊልሙም ተመልሷል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ፕላዝሚዱ በብዙ ቅጂ ስለሚኖር የፊምአር መጠን ከተፈጥሮው ይለያል፣ ከፊምኤስ ጋር ያለው ሚዛንም ይዛባል። የሚሻለው ጂኑን በነበረበት ቦታ በአንድ ቅጂ መመለስ ነው፤ የዚህ መስፊያ ቁራጭ እየተዘጋጀ ነው። ለደብሊው50 ይህ ካልተሠራ ሌላ ጂን ላይ መግባት አይቻልም።

ቀጣዩ፦ ሁለት ዝርያ በአንድ ላይ

በአፍ ውስጥ ፖርፊሮሞናስ ብቻውን ባዶ ገጽ ላይ አይቀመጥም፤ ቀድሞ የሰፈረ ስትሬፕቶኮከስ ላይ ይደርባል። ኤምኤፍኤ1 በስትሬፕቶኮከስ ጎርዶኒ ላይ ያለውን ኤስኤስፒቢ የተባለ ፕሮቲን ይይዛል፤ ስለዚህ ፊምአር አልባው እዚህ ላይ የሚያሳየው ለብቻው ከሚሠራው ባዮፊልም ሊለይ ይችላል። የስትሬፕቶኮከስ ምርጫ ራሱ ውጤቱን ይወስናል። ስትሬፕቶኮከስ ክሪስታተስ አርክኤ በተባለው ፕሮቲኑ የፊምኤን መነሳት ስለሚያፍን እዚህ ሥራ ውስጥ በስሕተት ቢገባ ወላጁ ዝርያ ሚውታንቱን ይመስላል። የጎርዶኒው ክምችት ከመጀመሩ በፊት ማንነቱ በቅደም ተከተል ንባብ ይረጋገጥ።

ማሳደጊያውም ይለወጣል። ተራው ትሪፕቲክ ሶይ ብሮዝ በ1 ሊትር 2.5 ግራም ግሉኮስ አለው። ፖርፊሮሞናስ አይነካውም፣ ጎርዶኒ ግን ወደ አሲድ ይለውጠዋል፤ ፒኤች ከ6.5 በታች ሲወርድ ፖርፊሮሞናስ እድገቱን ያቆማል፣ ፊምአር ኖረም አልኖረ ባዮፊልሙ ይሳሳል። ግሉኮስ የሌለው ብሮዝ ተዘጋጅቷል። ጎርዶኒው ለብቻው አድጎ፣ ታጥቦ፣ በፎስፌት ጨው ውሃ ውስጥ ሆኖ በምራቁ ላይ ለ16 ሰዓት ይሰፍራል፣ ከዚያ ፖርፊሮሞናሱ ይጨመራል። የላይኛው ፈሳሽ ፒኤች በመጀመሪያና በመጨረሻ ይለካል፤ ከ7 በታች የወረደበት ጉድጓድ ከትንተናው ይወጣል።